«ስንት ጊዜ ልንገርህ?»፦ አስፐርገር ያለበት ልጅ በትምህርት ቤትና ከዚያ በኋላ

መምህሩ ትዕግሥታቸው አልቋል። «ስንት ጊዜ ልንገርህ?» አሉት። ልጁ ትንሽ አሰበና «እስካሁን ሦስት ጊዜ ነግረውኛል» ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ የተናቁ መስሏቸው ልጁን አስወጡት። እሱ ደጅ ቆሞ ያስባል። ተጠየቀ፣ ቆጠረ፣ መለሰ። መልሱም ትክክል ነበር። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ልጁን ለምሳሌ ያህል ፈጠርኩት እንጂ አንድ የማውቀው ልጅ አይደለም። አስፐርገር፣ ማለትም ንግግር ሳይዘገይ የሚታይ የኦቲዝም ዓይነት፣ ያለበት ልጅ የምታሳድጉ ግን እንደምታውቁት አልጠራጠርም።

እንዲህ ዓይነት ልጅ ሰውን ግራ ያጋባል። ከእኩዮቹ ቀድሞ ማንበብ የጀመረ ሊሆን ይችላል። ስለ ባቡር ወይም ስለ ፕላኔቶች ካነሳችሁበት እንደ ትልቅ ሰው እያብራራ ሰዓት ይፈጃል። ያው ልጅ ቦርሳውን አዘጋጅቶ በሰዓቱ መውጣት ያቅተዋል። ሌሎች ልጆች የጀመሩት ጨዋታ መሀል እንዴት እንደሚገባ አያውቅም። የዛሬው ፕሮግራም ተቀይሯል ሲባል ያለቅሳል። የሚያየው ሰው «ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ እንዴት ይቺ ታቅተዋለች?» ይላል። ከዚያ ወደ ፍርድ ነው። ሰነፍ ነው፣ ባለጌ ነው፣ ሆን ብሎ ነው፣ እናቱ አሞላቅቃዋለች።

እኔ እንደሚገባኝ ይህን ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ማንም አፍ አውጥቶ ያልነገረው ነገር ነው። ሌሎች ልጆች ከአየር ላይ የሚቀልቡት ደንብ አለ። እሱ አይቀልበውም። ሲነገረው ግን ይማረዋል፣ እንዲያውም ከማንም በላይ አክብሮ ይይዘዋል። ጎበዝ ስለሆነ ግን መንገር ያስፈልገዋል ብሎ የሚያስብ የለም። ጉብዝናው ችግሩን ይሸፍንበታል።

ስለ ስሙ ጥቂት

ሃንስ አስፐርገር የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. አራት ወንድ ልጆችን በዝርዝር የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ልጆቹ ጥሩ ተናጋሪዎች ናቸው። በወደዱት ጉዳይ ላይ ያላቸው እውቀት ያስገርማል። ከእኩዮቻቸው ጋር ግን አይግባቡም። አስፐርገር «ትንንሽ ፕሮፌሰሮች» ይላቸው ነበር። ጽሑፉ በጀርመንኛ ስለነበር ለረጅም ጊዜ ከዚያ አካባቢ ውጭ ብዙም አልታወቀም። እንግሊዛዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ በ1981 «የአስፐርገር ሲንድሮም» ብላ ስትጽፍ ነው ስሙ የተስፋፋው። በ1994 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ ለብቻው ገባ። በ2013 ደግሞ ከዚያው መመሪያ ወጥቶ ከሌሎቹ የኦቲዝም ዓይነቶች ጋር «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚል ስም ተጠቃለለ። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም ይህንኑ ተከትሏል።

ስሙ ሌላም ጥላ አለበት። ሄርቪግ ቼክ የተባለ ኦስትሪያዊ የታሪክ ተመራማሪ በ2018 ያወጣው ጥናት አስፐርገር ከናዚ አገዛዝ ጋር መተባበሩን በሰነድ አሳይቷል። ሕፃናት ይገደሉበት ወደነበረ ክሊኒክ ልጆችን የላከባቸው ወረቀቶች ተገኝተዋል። በዚህ ምክንያት ስሙን መስማት የማይፈልጉ አሉ። በዚሁ ስም ራሳቸውን አውቀው ያደጉ ደግሞ አይለቁትም። እኔ የምጠቀምበት ብዙ ቤተሰብ ጉዳዩን የሚያውቀው በዚህ ስም ስለሆነ ነው። በእጃችሁ ያለው ወረቀት የድሮውን ስም ያዘ አዲሱን፣ ልጁ ያው ልጅ ነው።

«ቀለል ያለው ኦቲዝም ነው» ሲባል ግን አልወድም። ለማን ነው የቀለለው? የልጁ ንግግር አልዘገየም፣ የማሰብ ችሎታውም አልተነካም። ስለዚህ ለእኛ ቀለለን። እሱ በቀን ስንት ጉልበት እንደሚያወጣ አላየንም።

አንድ ነገር ደግሞ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ይህን ያመጣው አስተዳደግ አይደለም። አእምሮው ከመጀመሪያው ያደገበት መንገድ ነው፣ የዘር ድርሻም ከፍተኛ ነው። ራሷን ስትወቅስ የምታድር እናት ይህን ከማንም በፊት ብትሰማው ደስ ይለኛል።

ያልተነገረው ትምህርት

ወደዚያ ልጅ እንመለስ። «ስንት ጊዜ ልንገርህ?» የጥያቄ ልብስ የለበሰ ቁጣ ነው። መልስ አይፈልግም። ይህን ማን ነገረን? ማንም አልነገረንም። ከድምፁና ከፊቱ አነበብነው። አስፐርገር ያለበት ልጅ ቃሉን ይሰማል። በድምፁ ላይ የተጫነው መልእክት ግን ያመልጠዋል፣ ወይም ዘግይቶ ይደርሰዋል።

ትምህርት ቤት በእንዲህ ዓይነት ነገር የተሞላ ነው። መልሱን ብታውቅም ሁልጊዜ እጅ አታነሳም፣ ለሌሎችም ትተዋለህ። መምህር ቀን ሲሳሳቱ በሰው ፊት አታርምም። ጓደኛህ አዲሱን ጫማውን ሲያሳይህ ዋጋውን ሳይሆን ማማሩን ትነግረዋለህ። «በኋላ እንነጋገራለን» ማለት አንዳንዴ አንነጋገርም ማለት ነው። እነዚህ በየትኛውም መጽሐፍ የሉም። ፈተናውን ግን በየቀኑ እንፈተናለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርዳታ አፍ አውጥቶ መናገር ነው። «ሥርዓት ያዝ» ለዚህ ልጅ ባዶ ነው። «ቁጭ በል፣ ደብተርህን ክፈት፣ ገጽ 32ን አውጣ» ይገባዋል። «አትሩጥ» ከማለት «በእግርህ ሂድ» ማለት ይሻላል። አንድ ነገር ከተናገራችሁ በኋላም ጥቂት ሰከንድ ጠብቁት። ብዙዎቻችን መልሱ ሲዘገይ ያንኑ ነገር በሌላ ቃል እንደግመዋለን። እሱ የመጀመሪያውን ገና እያሰበበት ነው፣ ሁለተኛው ሲጨመርበት ሁለቱም ይጠፉታል። አማርኛችን ደግሞ «ጆሮህን ስጠኝ» ይላል፣ «ዓይንህን ጣል አድርግ» ይላል። እንዲህ ማለታችንን መተው አያስፈልግም። ማስረዳት ነው። እንዲህ ያሉ አባባሎችን ልክ እንደ ባዕድ ቋንቋ ቃላት በደብተር እየመዘገቡ የተማሩ ልጆች አሉ፣ ደግሞም ይወዱታል።

ካሮል ግሬይ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ማኅበራዊ ታሪክ» የሚባል ዘዴ አመጣች። አጭር ጽሑፍ ነው፣ ለአንድ ልጅ ስለ አንድ ሁኔታ የሚጻፍ። የእረፍት ደወል ሲደወል ምን ይሆናል? ልጆቹ ለምን ይጮኻሉ? እኔ የት ልሄድ እችላለሁ? ዘዴው አንድ ብልህ ደንብ አለው። ጽሑፉ «እንዲህ አድርግ» ከሚለው ይልቅ ሁኔታውን ማስረዳቱ መብዛት አለበት። ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ደንቡን ለመያዝ አይቸገርም።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። ሥራው ሁሉ የልጁ ሊሆን አይገባም። ዴሚያን ሚልተን ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው። በ2012 አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው ሲል ጻፈ። እነሱ እኛን ማንበብ ይቸግራቸዋል፣ እኛም እነሱን ማንበብ ይቸግረናል። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት ይህን በሚገርም መንገድ አሳየ። ስምንት ስምንት አዋቂዎች ተሰልፈው አንድ ታሪክ ከሰው ወደ ሰው ያቀባብላሉ። ሁሉም ኦቲዝም ያለባቸው የሆኑበት ሰልፍ ታሪኩን ያስተላለፈው ሁሉም ኦቲዝም የሌለባቸው ከሆኑበት ሰልፍ እኩል ነው። ብዙ የጠፋው ሁለቱ በተቀላቀሉበት ሰልፍ ነው።

ይህ ለወላጅ ትልቅ ትርጉም አለው። ልጃችሁ ጓደኛ ማፍራት የማይችል ሳይሆን የሚመስለውን ያላገኘ ሊሆን ይችላል። ግቢ መሀል ገፍቶ «ሂድና ተጫወት» ማለት አይረዳውም። የቼዝ ክበብ፣ የሮቦት ክበብ፣ የሥዕል ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚረዳው። መሀላቸው የሚሠራ ነገር ካለ ወሬው በዚያ ይመጣል። ጓደኞቹ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ቢሆኑ ደግሞ ምን ችግር አለው?

«እዚህ ምንም አይልም»

ወላጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ልጁ ማታ ማታ እንደሚያለቅስ፣ እቃ እንደሚወረውር ይናገራል። መምህሯ ይገረማሉ። «እዚህ እኮ ምንም አይልም፣ ጨዋ ልጅ ነው» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ አምቆ ይዞ ቤት ሲደርስ ፈነዳ። ቤት የፈነዳው እዚያ ደኅንነት ስለሚሰማው ነው። ወላጅ ግን «የቤቱ አያያዝ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ቀኑን ሙሉ የያዘው ምንድን ነው? መጀመሪያ ድምፁን አስቡ። የወንበር መንሸራተት፣ የአምሳ ልጅ ሹክሹክታ፣ በድንገት የሚጮህ ደወል። ከዚያ የሚርገበገብ መብራት፣ አንገት ላይ የሚቧጥጥ የዩኒፎርም ቁራጭ ጨርቅ፣ የምግብ ሽታ። የአብዛኛው ሰው አእምሮ ይህን ሁሉ ከበስተኋላ ይተወዋል። የእሱ ሁሉንም እኩል ያስገባዋል። የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ በ2013 በይፋ ከመለያዎቹ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ቅብጠት አይደለም።

በዚያ ላይ መምሰል አለ። ብዙ ልጆች ሌሎችን እያዩ ይቀዳሉ። መቼ እንደሚሳቅ፣ እንዴት እንደሚቆም፣ ስንት ሰከንድ ዓይን እንደሚታይ ያጠናሉ። በተለይ ሴቶች ልጆች በዚህ የተካኑ ናቸው፣ ብዙዎቹ ዘግይተው የሚታወቁትም በከፊል ለዚህ ነው። መምሰል ያደክማል። በሂደትም ከጭንቀትና ከድባቴ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆችና ወጣቶች ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት የጭንቀት ሕመም አለባቸው። ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ ቢጠላ፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ የሚወደውን ነገር ቢተው ወይም መኖር እንደማይፈልግ ቢናገር ነገ ዛሬ ሳይባል ባለሙያ ጋ መሄድ ነው።

«ዓይን ዓይኔን እያየህ አናግረኝ» የሚለውን ትእዛዝ በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ይቅር። ብዙዎቹ ዓይን እያዩ መስማት አይችሉም፣ አንዱን መምረጥ አለባቸው። የትኛውን ትፈልጋላችሁ?

ለድካሙ መፍትሔው ውድ አይደለም። ከደወሉና ከበሩ ራቅ ያለ መቀመጫ። ጆሮ ላይ የሚደረግ ድምፅ መቀነሻ። ሲበዛበት ሳይጠየቅ የሚወጣበት ካርድና የሚሄድበት ጸጥ ያለ ጥግ። የፕሮግራም ለውጥ ካለ ከአንድ ቀን በፊት መናገር። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። ጸጥ ያለው ጥግ የጥሩ ባሕርይ ሽልማት አይሁን። መነጽር ለሚያስፈልገው ልጅ «ጨዋ ከሆንክ ትወስዳለህ» አይባልም።

የቤት ሥራው ጦርነት

ብዙ ቤት ውስጥ ምሽቱ የሚበላሸው እዚህ ነው። ልጁ ትምህርቱን ያውቀዋል፣ ግን አይጀምረውም። መጀመር፣ ማቀድ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ከእውቀት የተለየ ችሎታ ነው። «የሳይንስ ፕሮጀክትህን ሥራ» ተራራ ነው። «ርዕሱን ጻፍ» ይቻላል። ስለዚህ ሥራውን ቆራርጦ፣ በወረቀት ጽፎ፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ አብሮ መጀመር ነው። ብዙ ጊዜ ከባዱ እሷ ናት።

ከመምህሩ ጋርም መነጋገር ይገባል። አሥር ጥያቄ በትክክል የሠራ ልጅ ሌላ ሃያ የሚሠራው ምን ለማሳየት ነው? የእጅ ጽሑፍም ሌላ እንቅፋት ነው። ብዙዎቹ የጣቶቻቸው ቅልጥፍና አነስተኛ ነው፣ ሐኪሙ አስፐርገር ራሱም ይህን አስተውሎ ነበር። ሐሳቡ ተራራ የሚያህል ልጅ ሦስት መስመር ጽፎ የሚያቆመው እጁ ስለሚያምመው ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ይጻፍ፣ ወይም በቃሉ ይመልስ። የፈተና ተጨማሪ ሰዓትም ለሌላው ልጅ የሚነፍገው ነገር የለም። የተባበሩት መንግሥታት የ2006ቱ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 24 ለተማሪው ሁኔታ የሚስማማ ተመጣጣኝ ማስተካከያ እንዲደረግ ይደነግጋል። ወላጅ ይህን ሲጠይቅ ውለታ እየለመነ አይደለም።

የቡድን ሥራ ላይ «ተከፋፍላችሁ ሥሩ» ማለት አይበቃም። የእሱ ድርሻ በስም ይነገረው። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ዓይን ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነት ልጅ በቀላሉ ይታለላል። ሌሎቹ ገፋፍተው መጥፎ ቃል ያናግሩታል፣ እሱ ይያዛል። ቀስ ብለው ሲነካኩት ማንም አያይም፣ ሲጮህ ሁሉም ያያል። መምህር ጩኸቱን ብቻ ከቀጣ ቅጣቱ የተበደለው ላይ ወደቀ ማለት ነው።

የሚወደው ነገር

ልጁ ስለ ባቡር ብቻ ያወራል። ወላጅ ይሰለቻል፣ ከዚያም ይፈራል። «ሌላም ነገር ይልመድ» ብሎ መጽሐፉን ይደብቃል፣ ወይም እንደ ቅጣት ይከለክለዋል። አታድርጉት። ያ ነገር የሚያርፍበት ቦታ ነው። ደግሞም በር ነው። በባቡር ሰዓት መቁጠር፣ ርቀትና ፍጥነት ማስላት፣ ካርታ ማንበብ፣ ታሪክ መማር ይቻላል። ሌላው ሰው ሲሰለች እንዴት እንደሚታወቅ መማርም የሚቻለው በዚሁ ነው፤ «አምስት ደቂቃ ስለ ባቡር፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ስለ እኔ» ብሎ መስማማት ይቻላል።

ቨርነን ስሚዝ በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘ አሜሪካዊ ነው። አስፐርገር እንዳለበት በአደባባይ ተናግሯል። ዓለምን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ወደ አንድ ሐሳብ መግባት መቻሉ ለሥራው እንደጠቀመውም ገልጿል። ግን ልጆቻችን ሁሉ ኖቤል ይሸለማሉ ማለቴ አይደለም፣ መሸለምም የለባቸውም። አንድ ልጅ ለመከበር ሊቅ መሆን ካለበት፣ ሊቅ ያልሆነው የት ይገባል? መጋዘን በሚገባ የሚያደራጅ፣ ስህተት የማያልፈው የሂሳብ ሠራተኛ፣ አበቦቹን በስም የሚያውቅ አትክልተኛ መሆን በቂ ነው።

ከትምህርት ቤት በኋላ

ውጤቱ ጥሩ የሆነ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚያ ነው፣ በትምህርቱ ግን አይደለም። ማን ይቀስቅሰው? ልብሱን መቼ ይጠብ? ገንዘቡ ወር ሳይሞላ ቢያልቅስ? ለመምህር መልእክት እንዴት ይጻፋል? እናት እስከ 18 ዓመቱ ይህን ሁሉ ስታደርግለት ኖራለች፣ እሱ ደግሞ እያጠና ነበር። ስለዚህ በ10 ዓመቱ መጀመር ይሻላል። አንድ ምግብ ራሱ ያብስል። ሱቅ ሄዶ መልስ ይቀበል። ሐኪም ዘንድ ምን እንደሚያመው ራሱ ይናገር። ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ፣ በጽሑፍ። ይህ ከሂሳብ ውጤቱ እኩል ትምህርት ነው።

ሥራ ሲፈልግ ደግሞ ያ ያልተነገረ ትምህርት ተመልሶ ይመጣል። የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚፈትነው ብዙ ጊዜ ሥራውን አይደለም። እጅ አጨባበጥን፣ ፈገግታን፣ ራስን መሸጥን ነው። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲባል እውነቱን ይዘረዝራል። ዴንማርክ ውስጥ ቶርኪል ሶነ የተባለ አባት ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቀ በኋላ በ2004 ስፔሻሊስተርነ የተባለ ድርጅት መሠረተ። አመልካቾችን በወሬ ከመፈተን ይልቅ የሌጎ ሮቦት እንዲገጣጥሙና እንዲያዝዙ እየሰጠ ሥራቸውን ያያል። ትልቁ የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስኤፒም በ2013፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2015 ተመሳሳይ የቅጥር መንገድ ጀመሩ። ቦታው ጥቂት ነው። ግን አንድ ነገር ያሳያል። በሩን ቀይረው ሲያዩት ሰውየው መሥራት ይችል ነበር።

የቀረው ለልጁ ለራሱ መንገር ነው። ብዙ ወላጅ ስሙን ይደብቃል፣ እንዳይሰማው ብሎ። ልጁ ግን ከሌሎች መለየቱን ድሮ አውቋል። ምክንያቱን ካልሰጠነው ራሱ ይፈጥራል፣ የሚፈጥረውም «መጥፎ ነኝ» ወይም «ደደብ ነኝ» የሚል ነው። በሚገባው ቃል፣ በሰላም ሰዓት፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ መንገር ይሻላል።

አንድ ወረቀት አዘጋጁ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ። ምን እወዳለሁ፣ ምን ይከብደኛል፣ ሲበዛብኝ ምን እመስላለሁ፣ ምን ይረዳኛል። 7 ዓመቱ ላይ ወላጅ ይጽፈዋል፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ለአዲሱ መምህር ይሰጣል። 12 ዓመቱ ላይ ልጁ ያነበዋል፣ «ይሄ ልክ አይደለም» ብሎ ይሰርዛል፣ የራሱን ይጨምራል። 18 ሲሞላው ሙሉ በሙሉ የእሱ ጽሑፍ ይሆናል። ለአሠሪው ያሳየው አያሳየው፣ ከየትኛው መስመር ይጀምር፣ የሚወስነው እሱ ነው።